ጥርሱ ሳያመው ራጅ ለምን ይነሳ?

ውድ እኅታችን፣

ደብዳቤዎ ረዘም ያለ ስለሆነ ለሌሎች አንባቢዎች ጭብጡን እናስቀድም። የ5 ዓመት ልጅዎን ለጥርስ ምርመራ ወስደውት ሐኪሙ «በዓይን የሚታይ ቀዳዳ የለውም፤ ግን ግራና ቀኝ አንድ አንድ ራጅ እናንሳው» አሉዎት። ልጁ አንድም ቀን ጥርሴን ብሎ አያውቅምና «ጤነኛ ልጅ ለምን ጨረር ይነካዋል?» ብለው ቀጠሮውን አዘገዩት። ክሊኒኩ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራውን መከላከያ ሽርጥ አናለብስም ማለቱም አስደንግጦዎታል። የ9 ዓመቷ እኅቱ ደግሞ ከ4 ወር በፊት ሁለቱንም መንጋጋ በአንድ ምስል የሚያሳየውን ፓኖራሚክ ራጅ ተነስታለች፤ ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክል ሽቦ) ሊያስሩላት ያሰቡበት ሌላ ክሊኒክ ግን «በእኛ ማሽን ትነሳ» ብሏል። እርስዎ ነፍሰ ጡር ነዎት፤ ልጁን ይዘው ወደ ራጅ ክፍሉ መግባት ይችሉ እንደሆነም ጠይቀዋል።

አጭሩን መልስ በመጀመሪያ እንስጥዎት። ለወንዱ ልጅ የተጠየቀው ራጅ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ እርስዎም ቤትዎ ሆነው በጥርስ ክር በከፊል ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ለሴቷ የተጠየቀው፣ ምክንያቱ የማሽኑ ባለቤትነት ብቻ ከሆነ፣ አያስኬድም። ሽርጥ አለመልበስ ቸልተኝነት አይደለም። እርስዎ ራጅ ክፍሉ ውስጥ አይግቡ። አሁን ወደ ዝርዝሩ።

የ5 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ 8 የወተት መንጋጋ ጥርሶች አሉ፤ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሁለት። ሲበቅሉ በመካከላቸው ክፍተት ሊኖር ይችላል፤ ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ግን በብዙ ልጆች ላይ ጎን ለጎን ይጣበቃሉ። የሚነካኩትም በነጥብ ሳይሆን ሰፋ ባለ ጠፍጣፋ ገጽ ነው። የብሩሽ ፀጉር እዚያ አይደርስም፤ የሐኪም መስታወትና መብራትም በደንብ አያሳየውም። መበስበሱ የሚጀምረው ልክ ከመነካኪያው ሥር ነው። የወተት ጥርስ ኢናሜል (ጠንካራው የውጭ ሽፋን) ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም የቋሚው ጥርስ ግማሽ ያህል ነው። ነርቩ ያለበት ክፍል ደግሞ ከጥርሱ መጠን አንጻር ሰፊና ለገጹ ቅርብ ነው። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ነጭና ሙሉ የሆነ ጥርስ ከጎኑ እየተቦረቦረ ሊሄድ ይችላል፤ አንድ ቀን ልጁ ጠንከር ያለ ነገር ሲያኝክ ጠርዙ ተሰብሮ ይወድቃል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ነርቩም ተነክቷል። በመሙላት ብቻ ይድን የነበረው ጥርስ የነርቭ ሕክምናና የብረት ቆብ፣ ወይም መነቀል ያስፈልገዋል። «አላመመውም» ማለት ጥርሱ ደኅና ነው ማለት አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ የጠየቁት ግራና ቀኝ የሚነሳው ራጅ ባይትዊንግ ይባላል። ልጁ ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር መያዣ ላይ ነክሶ ይነሳና የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች አክሊል (ከድድ በላይ ያለው ክፍል) በአንድ ምስል ጎን ለጎን ይወጣል። ዋና ሥራው ያንን የተደበቀ መነካኪያ ማሳየት ነው። ልጅዎ ስድስተኛ ዓመቱን ሲይዝ የሚመጣው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ አቅጣጫውን ስቶ የወተቱን ጥርስ ሥር እየበላ እንደሆነም በዚሁ ምስል ጠርዝ ላይ ሊታይ ይችላል።

የክሩ ፈተና እንዲህ ነው። ልጁን ጭንቅላቱን በጭንዎ ላይ አስተኝተው፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት፣ የጥርስ ክር በሁለቱ የወተት መንጋጋዎች መካከል ቀስ ብለው ያውርዱ። ክሩ ሳይያዝ ዝም ብሎ ከወረደና በመብራት ሲታይም በመካከላቸው ጨለማ ክፍተት ካለ፣ ጥርሶቹ አልተነካኩም። ሐኪሙ ጎናቸውን በዓይን ማየት ስለሚችሉ ባይትዊንጉ ላያስፈልግ ይችላል። ክሩ ጠብቆ «ጧ» ብሎ ካለፈ ግን መነካኪያው ተዘግቷል፤ የሐኪሙ ጥያቄም ሥራ የለሽ አይደለም። ክሩ እየተተለተለ ወይም አንድ ቦታ ላይ እየተያዘ ከወጣ ደግሞ ጎኑ ላይ ሸካራ ነገር አለና ቀጠሮውን አያዘግዩ። አራቱንም ቦታ ይሞክሩ፤ አንዱ ጎን ክፍት ሆኖ ሌላው ዝግ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

መነካኪያ መዘጋቱ ብቻውን ግን «በየስድስት ወሩ ይነሳ» ማለት አይደለም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክረ ሐሳብ ልጆችን በአደጋ ተጋላጭነታቸው ይለያቸዋል። ቀዳዳ ያለባቸው ወይም ተጋላጭነታቸው ከፍ ያለ ልጆች፣ ጎኑን በዓይን ማየት ካልተቻለ፣ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ አንዴ፤ ቀዳዳ የሌለባቸውና ተጋላጭነታቸው ዝቅ ያለ፣ የወተት ጥርስ ወይም ቅልቅል (የወተትም ቋሚም) ጥርስ ያላቸው ልጆች ከ12 እስከ 24 ወር አንዴ፤ ቋሚ ጥርስ ብቻ ያላቸው ጎረምሶች ከ18 እስከ 36 ወር አንዴ። እነዚህ ቁጥሮችም ከምርመራ በኋላ የሚታሰቡ እንጂ ካርድ ሲወጣ በራስ ሰር የሚታዘዙ አይደሉም። ሐኪሙ አፍ ሳያዩ ረዳቱ ልጁን በቀጥታ ወደ ራጅ ከወሰደው፣ ያ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው።

ተጋላጭነትን ከፍ የሚያደርገው ምን እንደሆነ እርስዎ ከሐኪሙ በላይ ሊያውቁት ይችላሉ። ከዚህ በፊት የተሞላ ጥርስ፣ በድዱ ጠርዝ ላይ ጠመኔ የመሰለ ደብዛዛ ነጭ መስመር፣ ሌሊት ጡጦ ወይም ጣፋጭ መጠጥ ይዞ መተኛት፣ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ጣፋጭ መቀማመስ፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስኳር ያለው ሽሮፕ፣ ፍሎራይድ በሌለው ሳሙና መቦረሽ፣ የእኅት ወይም የወንድም ጥርስ በብዛት መበስበስ። ከእነዚህ ውስጥ ያለውን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የሚቀጥለው ራጅ ቀን የሚወሰነው በዚህ ነው።

ራጅ ሁሉን አያይም። ማዕድኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ ገደማ እስኪሟጠጥ ድረስ መበስበሱ በምስሉ ላይ ጥላ አይሠራም። ስለዚህ ምስሉ ላይ የሚታየው ጥቁር ሦስት ማዕዘን ከእውነተኛው ጥልቀት ያንሳል። በማኘኪያው ገጽ ስንጥቅ ላይ የሚጀምር ቀዳዳንም ገና ጅምር ሳለ ከራጅ ይልቅ የደረቀ ጥርስ ላይ ያረፈ ዓይን ቀድሞ ያገኘዋል። «ራጁ ንጹሕ ነው» ሲባሉ በጎን በኩል ጥልቅ ጉዳት አልታየም ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አይስጡት።

ወደ ጨረሩ እንምጣ። ሁላችንም ከመሬት፣ ከአየርና ከጠፈር በሚመጣ የተፈጥሮ ጨረር ውስጥ ነው የምንኖረው፤ የዓለም አማካዩ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው (ሲቨርት የጨረር መጠን መለኪያ ነው፤ 1 ሚሊሲቨርት 1,000 ማይክሮሲቨርት ነው)፤ በቀን ሲሰላ ከ6 እስከ 7 ማይክሮሲቨርት ይሆናል። በዲጂታል ሴንሰር ወይም በፈጣን ፊልም፣ ጨረሩን በሚያጠብበው አራት ማዕዘን ኮሊማተር የሚነሱ 4 ባይትዊንጎች በድምሩ 5 ማይክሮሲቨርት አካባቢ ናቸው፤ ለልጅዎ የተጠየቁት 2 ብቻ ናቸው። ፓኖራሚክ እንደ ማሽኑ ከ14 እስከ 25 ማይክሮሲቨርት አካባቢ ነው። ኮን ቢም ሲቲ የሚባለው ባለሦስት አቅጣጫ ምስል ግን ከአሥራዎቹ እስከ ብዙ መቶ ማይክሮሲቨርት ስለሚደርስ ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ አይቆጠርም። (ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለው ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም በ1896 እ.ኤ.አ. የራሱን ጥርስ ራጅ ሲያነሳ 25 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ዛሬ የሰኮንድ ቁራጭ ይበቃል።)

መጠኑ ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። የልጅ ሕዋሳት ፈጥነው ይከፋፈላሉ፤ ከፊቱ ያለው ዕድሜ ረጅም ነው፤ ለጨረር ስሱ የሆነው የእንቅርት ዕጢም በትንሽ ሰውነት ላይ ለመንጋጋው ቅርብ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ቁጥሮች ደግሞ በአዋቂ አካል የተለኩ ናቸው፤ ለአዋቂ የተዘጋጀ ማሽን ሳይስተካከል ልጅ ላይ ከተተኮሰ ያለ ጥቅም የሚጨመር ጨረር ይኖራል። ወላጅ ጥያቄ የሚያነሳበት ትክክለኛው ቦታ ይኼ ነው፤ ብዙዎች ግን ሽርጡ ላይ ብቻ ይቆማሉ።

ስለ ሽርጡ የምንለው እንዲህ ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለጥርስ ራጅ ሽርጥም ሆነ የአንገት መከላከያ መልበስ እንዲቀር መክሯል፤ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችንም ይጨምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዛሬው ጨረር በጠባቡ ወደ ጥርስ እንጂ ወደ ሆድ አይወረወርም። ወደ ሌላ አካል የሚደርሰው ጥቂቱ የሚበተነው በአብዛኛው ከሰውነት ውስጥ ስለሆነ ከላይ የተደረበ ሽርጥ አያቆመውም። የአንገት መከላከያው ደግሞ ቦታውን ከሳተ ምስሉን ይሸፍናል፤ በፓኖራሚክ ላይ በተለይ የጨረሩ መንገድ ላይ ስለሚቆም ራጁ እንዲደገም ያደርጋል። ከዚያ በፊት የነበረው ምክር የተለየ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ለጥርስ ሐኪሞች የተጀመረው ኢሜጅ ጀንትሊ የተባለው የሕፃናት ጨረር ቅነሳ ዘመቻ የአንገት መከላከያን ይመክር ነበር፤ ሕጋቸው እስከ አሁን የሚያስገድድ አገሮችም አሉ። ስለዚህ ሽርጥ የሚያለብስ ክሊኒክ ኋላ ቀር፣ የማያለብስም ግዴለሽ አይባልም። ለባይትዊንግ ልጁ ቢለብሰው ደስ የሚልዎት ከሆነ መጠየቅ ይችላሉ፤ ጉዳት የለውም።

በእርግጥ ጨረር የሚቀንሰው ሌላ ነው። በመጀመሪያ የቱቦው አፍ። ወደ ጉንጭ የሚጠጋው ቱቦ ጫፉ ክብ ከሆነ፣ 7 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጨረር 38 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ቆዳ ይሸፍናል። ትንሹ የልጆች ፊልም 22 በ35 ሚሊሜትር ነው፤ ስፋቱ 8 ካሬ ሴንቲሜትር አይሞላም። የቀረው ሁሉ ምስል ላይ የማይወጣ፣ ልጁ በከንቱ የሚቀበለው ጨረር ነው። ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን ኮሊማተር ሲገጠም መጠኑ ከግማሽ በላይ ይወርዳል። ጥርስ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀና ብለው የሚያዩ ከሆነ ይህን ጫፍ ይዩ።

ሁለተኛው የማሽኑ ምርጫ ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ የልጅና የአዋቂ ምስል ያለበት ቁልፍ አለ። ከአንድ አዋቂ ቀጥሎ ልጅ ሲገባ ቁልፉ አዋቂው ላይ እንደተቀመጠ የሚረሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በፊልም ዘመን ይህ ስሕተት ወዲያው ይጋለጥ ነበር፤ ፊልሙ ጠቁሮ ይወጣል። አሁን በተለይ በፎስፈር ፕሌት (በፊልም ፋንታ አፍ ውስጥ ገብቶ በኋላ በማሽን በሚነበብ ቀጭን ሰሌዳ) በሚሠራባቸው ቦታዎች ሶፍትዌሩ ብርሃኑን ራሱ ስለሚያስተካክለው፣ ከመጠን በላይ የተተኮሰው ምስል እንዲያውም ያማረ ሆኖ ይታያል፤ ማንም አያስተውልም። «ለልጅ ተስተካክሏል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ደኅና ባለሙያ አይቀየምም።

ሦስተኛ፣ በእጅ የሚያዝ ካሜራ መሰል የራጅ መሣሪያ ካዩ ጫፉ ዙሪያ ግልጽ ወይም ጥቁር የቀለበት ጋሻ እንዳለው ይመልከቱ። በሕጋዊ መንገድ የተፈቀዱ ደኅና መሣሪያዎች አሉ። ነገር ግን በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡ፣ ፈቃድ የሌላቸው መሣሪያዎች ከመጠን ያለፈ ጨረር ሊያወጡ እንደሚችሉ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2012 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል።

ልጁን ስለማዘጋጀት አልጠየቁንም፤ ግን ራጅ የሚደጋገመው በአብዛኛው ልጁ ስላልተዘጋጀ ስለሆነ እንጨምረው። ክሊኒኩን በምን እንደሚያነሳ ይጠይቁ። ገመድ ያለው ሴንሰር ደረቅና ብዙ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስለሆነ ትንሽ አፍ ውስጥ ይቆረቁራል። ፎስፈር ፕሌት ወይም ፊልም ቀጭንና ትንሽ የሚታጠፍ ነው፤ ለ5 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ ይኼኛው ይቀላል። የፕሌቱ ወይም የፊልሙ መጠን ዜሮ ቁጥር (ትንሹ) ይሁን፤ አፉ ከቻለ ደግሞ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ስለሚያሳይ የተሻለ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ለጥቂት ቀናት በንጹሕ የብሩሽ እጀታ ይለማመዱ። እጀታውን በኋላ ጥርሶቹ ነክሶ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ እርስዎ እስከ አምስት እስኪቆጥሩ ሳይነቃነቅ ይቆይ። «አያምህም» አይበሉት፤ ያላሰበውን ሕመም ያስታውሱታል። «ጥርስህን ፎቶ ያነሱልሃል፤ አንተ ነክሰህ ዝም ትላለህ» ይበቃል። ቀጠሮው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ከባድ ምግብ በልቶ ወዲያው ከገባ ቶሎ ያስመልሰዋል።

ክፍሉ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ። ልምድ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ ማሽኑን ያስተካክላል፤ ቱቦውን ወደ ጉንጩ ያስጠጋል፤ ሴንሰሩ የሚገባው ከሁሉ በኋላ ነው። ተገልብጦ ሲሠራ ልጁ አፉን ሞልቶ እየጠበቀ ቱቦው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሳይተኮስ ይተፋዋል። ሴንሰሩ ሲገባ ወደ ድድ ሳይሆን ወደ ምላስ ዘንበል ብሎ ነው፤ የታችኛው ጠርዝ የአፍ ወለሉን ሲወጋ ነው ልጆች የሚጮኹት። ከዚያ ልጁ ቀስ ብሎ ይነክሳል፤ ሲነክስ ጡንቻው ስለሚላላ ቦታ ይኖረዋል። የሚያቅለሸልሸው ልጅ ከሆነ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ይንገሩት፤ ሐሳቡ ወደ እግሩ ይሄዳል። የምላሱ ጫፍ ላይ ጥቂት ጨው ማድረግም ብዙ ልጆች ላይ ይሠራል። ማደንዘዣ ርጭት በትንሽ ልጅ ላይ ባለሙያው መጠኑን ለክቶ ካልሆነ በቀር አይወደድም።

ምስሉ ስክሪን ላይ ሲወጣ እርስዎም ሊፈርዱ ይችላሉ። ጎን ለጎን ባሉት መንጋጋዎች መካከል ቀጭን ጥቁር መስመር መታየት አለበት። በመስመሩ ፋንታ ሁለቱ ጥርሶች ተደራርበው ነጭ ሆነው ከታዩ ጨረሩ በአግድም አንግሉን ስቷል፤ ራጁ የተነሳበትን ጥያቄም አይመልስም። ከምስሉ ጥግ ባዶ ነጭ ቁራጭ ከታየ ቱቦው ሴንሰሩን በከፊል ስቶታል። የጥርሶቹ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ከደበዘዘ ልጁ ተንቀሳቅሷል። ከመደገሙ በፊት «የቱ መነካኪያ ነው ያልታየው?» ብለው ይጠይቁ። የተበላሸው ጥግ ከሚፈለገው ቦታ ውጭ ከሆነ ምስሉ እንዳለ ይበቃል። በአንድ ጎን አንዴ መድገም ያጋጥማል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከተባለ ግን ለዛሬው ይብቃ ይበሉ።

ልጅዎ ብቻውን አልቆይም ቢል የሚይዘው አባቱ ወይም ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሌላ የቤተሰብ ሰው ይሁን። ሽርጡን መልበስ ያለበት ይኼ የሚይዘው ሰው ነው፤ እጁም ጨረሩ የሚያልፍበት ላይ አይሁን። የክሊኒኩ ሠራተኛ ልጅ መያዝ የለበትም፤ እሱ በየቀኑ ስለሚሠራው ነው። እርስዎ ከግድግዳው ጀርባ ወይም ከበሩ ውጭ ድምፅዎን እያሰሙት ይቁሙ። ሳያስቡት ክፍሉ ውስጥ ተገኝተው ቢሆን እንኳ ከ2 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ከጨረሩ መስመር ውጭ የሚደርስዎ እጅግ ጥቂት ነውና አይጨነቁ። ተኩሱ ካበቃ በኋላ በልጁ ላይም ሆነ በክፍሉ ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም፤ ወዲያው አቅፈው ሊስሙት ይችላሉ።

ስለ ሴቷ ልጅዎ። በ4 ወር ውስጥ የቀረ ቋሚ ጥርስ መኖር አለመኖሩ፣ ትርፍ ጥርስ፣ የክራንቻዎቹ አቅጣጫ፣ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ዕቅድ እስኪያስቀይር አይለወጡም። የመጀመሪያውን ክሊኒክ ዋናውን የምስል ፋይል በኢሜይል ወይም በፍላሽ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ይዘው አይሂዱ፤ ዝርዝሩ ስለሚጠፋ ሁለተኛው ክሊኒክ በትክክል «አይነበብም» ሊልዎ ይችላል። ፋይሉን ካዩ በኋላም ይደገም ካሉ ምን እንደጎደለው ይንገሩዎት። በቂ የሆኑ መልሶች አሉ። ልጅቷ ተንቀሳቅሳ መንጋጋው ተቆራርጦ ወጥቷል፤ ምላሷን ከላንቃዋ ጋር ስላልገጠመች በላይኛው ጥርሶች ሥር ላይ ጥቁር ጥላ ወድቋል፤ የጆሮ ጌጧ ስላልወለቀ በተቃራኒው በኩል ከፍ ብሎ የውሸት ምስሉ ጥርስ ላይ አርፏል፤ ወይም ከዚያ ወዲህ ወድቃ ተመታለች። ለብሬስ ከጎን የሚነሳ የራስ ቅል ራጅ ቢጠይቁ ግን እሱ ሌላ ምስል ነው፤ የመንጋጋዎቹን ግንኙነት ለመለካት ያገለግላልና እንደ ድጋሚ አይቁጠሩት። ባለሦስት አቅጣጫውን ኮን ቢም ሲቲ ለተራ ብሬስ በመደበኛነት ማንሳት አይመከርም፤ ክራንቻ ተቀብሮ የጎረቤቱን ጥርስ ሥር እየበላ ነው የሚል ጥርጣሬ ሲኖር ቦታ አለው።

ፓኖራሚኩ ስላለ ባይትዊንግ አያስፈልጋትም ብለውም አያስቡ። ፓኖራሚክ አጠቃላዩን እንጂ በጥርሶች መካከል ያለውን ትንሽ ቀዳዳ በደንብ አያሳይም፤ የጎን ጥርሶቹም ይደራረባሉ።

ሁለቱንም ልጆች የሚመለከት አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። በድድ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት፣ ጉንጭ ላይ እብጠት፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ከመጣ፣ እስከ ሥሩ የሚያሳይ ራጅ ያስፈልጋል፤ የወተት መንጋጋ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚታየው በሥሮቹ ጫፍ ሳይሆን በሥሮቹ መካከል ባለው አጥንት ላይ ነው። ወድቆ የፊት ጥርሱ ጠፍቶ ጥርሱ ራሱ ካልተገኘም ወደ ድዱ ገብቶ ተቀብሮ እንዳይሆን ራጅ ይነሳል። የተሰበረ ቁራጭ ከጎደለና ከንፈሩ ከተቀደደ ቁራጩ ከንፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ይህ በተቀነሰ መጠን በከንፈሩ ላይ በሚነሳ ራጅ ይታያል።

ልጅዎ በቀጠሮው ቀን አፉን አልከፍትም ቢልስ? ሕመምና እብጠት ከሌለው አያስገድዱት። ሐኪሙ በጠንካራ ቀጭን መብራት ጥርሱን ከጎን አሳልፈው ጥላ መፈለግ ይችላሉ። ወይም በተጠረጠሩት ሁለት ጥርሶች መካከል ትንሽ የጎማ ቀለበት አስገብተው ለ2 ወይም 3 ቀን ያቆዩታል፤ ጥርሶቹ ጥቂት ይራራቁና ጎናቸው በዓይን ይታያል። ቀለበቱ እስኪወጣ ድረስ የሚያጣብቅ ነገር አያኝክ፤ በራሱ ከወደቀ ይደውሉ። በዚያው ዕለት የፍሎራይድ ቫርኒሽ (ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከል ቅብ) ከተቀባለት ጠቃሚ ሥራ ተሠርቷል፤ ራጁን ለቀጣዩ ቀጠሮ አስተላልፈው በብሩሽ እጀታው ልምምዱን ይቀጥሉ። ጉንጩ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ የትኛው ጥርስ እንደሆነ የሚያሳየው ራጅም በዚያው ዕለት ይነሳ።